አዲስ ጎማ የሚገራው ኩርባ ላይ ነው

ጎማ ባስቀየርኩበት ዕለት ከጎሚስታው ደጃፍ ወጥቼ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልሄድኩም። የመጀመሪያው መታጠፊያ በየቀኑ የማልፍበት ነው፤ ትናንት ማታ ጥርሱ ባለቀ ጎማ ያለ ምንም ችግር ታጥፌበታለሁ። ዛሬማ አዲስ ጎማ አለኝ ብዬ ልቤ ሞልቷል። ሞተሩን እንደ ወትሮው ዘንበል አድርጌ ገና ነዳጅ መስጠት ስጀምር የኋላው ጎማ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ሙልጭ አለ። እግሬን መሬት ላይ ጣል አደረግኩ፤ ሞተሩም ተንገዳግዶ እንደ ምንም ቀና አለ። ተመልሼ ጎሚስታውን «ምን ቀባህበት?» ልለው ዳድቶኝ ነበር። ምንም አልቀባበትም። ጎማው አዲስ ነበር፣ በቃ።

አዲስ ጫማ አድርጎ የተወለወለ ወለል ላይ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሶሉ እስኪፋቅ ድረስ እግር አያምንም። ጎማም እንዲሁ ነው። ቅርጹን የሚይዘው የጋለ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆና በስሎ ስለሆነ፣ ብረቱ የለሰለሰውን ያህል የላስቲኩም ፊት ልስልስ ብሎ እያብረቀረቀ ይወጣል። ድሮ ላስቲኩ ከብረቱ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር ነበር፤ ከጎማው ጋር አብሮ የሚመጣው የዚያ ቅሪት ነው ብዙ ሰው «የፋብሪካ ቅባት» የሚለው። ዛሬ ብዙ አምራቾች ቅርጽ ማውጫውን ራሱን በማያጣብቅ ነገር ስለሚለብጡት ቅባቱ ቀንሷል፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ አንጠቀምም ይላሉ። ልስላሴው ግን የትም አልሄደም። በዚያ ላይ ላስቲኩ በፀሐይና በአየር እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመሩበት ሰም መሰል ነገሮች ጎማው መጋዘን ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ወደ ፊቱ ይወጣሉ።

ልስላሴው ይህን ያህል ለምን ያስቸግራል? ላስቲክ አስፋልት የሚይዘው ስለሚጣበቅበት ብቻ አይደለም። አስፋልት ለዓይን ለጥ ያለ ይምሰል እንጂ በቅርብ ሲያዩት ጫፋቸው በወጣ ጠጠሮች የተሞላ ነው። ላስቲኩ በነዚያ ጠጠሮች መካከል እየሰረገ፣ ቅርጹን ከነሱ ጋር እየለወጠ ነው የሚቆነጥጠው። ልስልስ ያለው የላይኛው ፊት ተፍቆ ሻከር ያለው ሲወጣ ጎማው በሁለቱም መንገድ መሥራት ይጀምራል። ሙቀትም አለበት። ላስቲክ ሲሞቅ ገላው ይላላል፣ ሲላላ በደንብ ይይዛል፤ ስለዚህ ያልተፋቀ ብቻ ሳይሆን ያልሞቀ አዲስ ጎማ ሁለት ጊዜ አታላይ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ በቤንዚን ያጥባል። ቤንዚን ላስቲኩን ይጎዳል፤ አታድርጉት። ብርጭቆ ወረቀቱም ቢሆን ላዩን ያሻክር እንደሆነ እንጂ የጎማውን ገላ አያፍታታውም፣ ነጂውንም ከአዲሱ ጎማ ጋር አያስተዋውቀውም። በተቃራኒው የጎማ ማሳመሪያ ቅባት የሚቀባም አለ። መኪና ላይ ጎኑ ብቻ ስለሚቀባ ችግር የለውም፤ ሞተር ላይ ግን ዛሬ ጎን ያላችሁት ነገ ኩርባ ላይ የምትቆሙበት ነው።

አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ድረስ በእርጋታ ንዱ ይላሉ። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ሲሰሙት ያሳስታል፣ እኔንም ለረጅም ጊዜ አሳስቶኛል። ምክንያቱም ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ጎማው ተገርቷል ማለት የሚያስኬደው ለመኪና ነው። የሞተር ጎማ ፊቱ ከዳር እስከ ዳርም ክብ ነው። መሬት የሚነካው ክፍል ከመዳፍ አይሰፋም፤ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ያ መዳፍ የጎማው መሃል ላይ ነው፣ ስታዘነብሉ ደግሞ ወደ ጎን ይዛወራል። ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና 300 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው የገራው መሃሉን ብቻ ነው። ጎንና ጎኑ ከፋብሪካ እንደወጣ አለ። ይኸው ሰው «በቃ፣ አልፎታል» ብሎ የመጀመሪያው ጠባብ ኩርባ ላይ ሞተሩን ሲያጋድል የሚያርፈው ሌላ ጎማ ላይ ነው፤ ያውም ገና ባልተነካ።

ይህን በዓይን ማየት የፈለገ ጠመኔ ይበቃዋል። የኋላው ጎማ ላይ፣ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር፣ ወፈር ያለ መስመር አስምሩ። እንደ ልማዳችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ተመለሱና ተመልከቱ። መሃሉ ላይ መስመሩ ጠፍቷል። ወደ ጎን ሲኬድ ይደበዝዛል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ እንደተሰመረ ቁጭ ብሏል። ያ ድንበር ነው። አሁን ጣታችሁን ከመሃል ወደ ዳር ጎትቱት፤ ከሻካራው ወደ ልሙጡ ሲያልፍ ጣታችሁ ድንበሩን ያገኘዋል።

እንግዲህ የጎማ መግራት ሥራ ማለት ያንን ድንበር ቀስ በቀስ ወደ ጎን መግፋት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ትንሽ ብቻ፣ አንድ የጣት ስፋት እንኳ ያልሞላ፣ አሳልፋችሁ ታዘነብላላችሁ። እንዲህ ሲሆን መሬት የያዘው መዳፍ አብዛኛው ክፍሉ በተፋቀው ላስቲክ ላይ ነው፤ ያልተፋቀው ላይ ያረፈው ስስ ጠርዝ ብቻ ነው። ጠርዙ ቢያንሸራትት እንኳ የቀረው ይይዘዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ስታዘነብሉ ግን መዳፉ በሙሉ ልሙጡ ላይ ይወጣል። ያን ቀን እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ሌላም ነገር አድርጌያለሁ፤ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ብዙ ቀጥታ መንገድ የሄደ አሮጌ ጎማ መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋ ጎማ ማዘንበል አይወድም፤ መሪውን ጫን ማለት ይፈልጋል። ይህ የሚመጣው በወራት ስለሆነ ነጂው ሳያውቀው ክንዱ እየለመደው ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ክብ የሆነ አዲስ ጎማ ይገባለታል። ክንዱ ግን ትናንት የለመደውን ያህል ይጫናል፤ ሞተሩም ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ይጋደማል። አዲስ ጎማ ያስገባ ሰው «ሞተሩ ቀለለኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ልሙጥ ላስቲክና ከታሰበው በላይ ማዘንበል በአንድ መታጠፊያ ላይ ሲገናኙ ደግሞ እግር መሬት ላይ ያስጥላሉ።

ከጎሚስታው ከመውጣታችሁ በፊት ጥቂት ነገሮችን እዩ። የጎማው ጎን ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ወደ ፊት መዞሪያውን ያመለክት። ጎማው ቸርኬው ላይ በሚቀመጥበት ዙሪያ አንድ ቀጭን መስመር ታያላችሁ፤ ከቸርኬው ጠርዝ ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ጎማው በትክክል አልተቀመጠም። አራት አኃዝ ያለው የምርት ቁጥርም አለ፦ 2324 ከሆነ በ2024 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ንፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ እያለ፣ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ መሠረት አስሞሉ። «ለመጀመሪያው ቀን ንፋስ ቀነስ አድርግለት፣ ይይዛል» የሚል ምክር ስትሰሙ አመስግናችሁ እለፉት፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ መሪውን ያከብዳል፣ ገላው ያለ ልክ ይሞቃል።

ፍሬኑን ደግሞ ሞተሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ደጋግማችሁ ያዙት። ጎማው ሲወጣ የፍሬን ሸራዎቹ ወደ ኋላ ተገፍተው ስለሚቀሩ የመጀመሪያው መያዝ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የመጀመሪያው መንታ መንገድ ላይ ማወቅ አያምርም። በተረፈ ጎማውን ለማስገባት የተቀባው ሳሙና እስኪደርቅ ድረስ፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን፣ ነዳጅ በኃይል አትስጡ፣ ፍሬንም በኃይል አትያዙ። ሳሙናው ሳይደርቅ ጎማው ቸርኬው ላይ ሊዞር ይችላል።

ኩርባው ላይ እንምጣ። ሞተር የሚታጠፈው በማዘንበል ነው፤ ምን ያህል ማዘንበል እንዳለበት የሚወስኑት ደግሞ ፍጥነቱና የኩርባው ጥበት ናቸው። 20 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ እንውሰድ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትገቡ ወደ 20 ዲግሪ ማዘንበል ይበቃል። በ40 ወደ 32 ይደርሳል። በ50 ደግሞ 44 ዲግሪ ይሆናል። (ጎማው ስፋት ስላለው እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ጥቂት ይበልጣል።) ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ እግር አስዘርግተው የሚያስነዱ ሞተሮች 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ የእግር መርገጫቸው አስፋልት መቧጨር ይጀምራል። በ30 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንዱ እያወራችሁ ታልፋላችሁ፣ በሌላው ሞተራችሁ እንኳ ላይችል ነው። ነገሩ እንዲህ የሚከፋው ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ነው፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኩርባ ላይ ችሎታ የሚባለው ነገር አብዛኛው ኩርባው ሳይደርስ ፍጥነት መቀነስ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የጎማን የመያዝ አቅም እንደ ወር ደመወዝ አስቡት። ለማዘንበል ይወጣል፣ ለፍሬን ይወጣል፣ ለነዳጅ ይወጣል፤ ኪሱ ግን አንድ ነው። ለማዘንበል ሁሉንም ያወጣ ሰው ለፍሬን የሚከፍለው የለውም። ሒሳቡ ግን ቀጥታ መቀነስ አይደለም፤ የፓይታጎረስ ነው። ከአቅሙ 80 በመቶውን ለማዘንበል ብታውሉት ለፍሬን የሚቀረው 20 ሳይሆን 60 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ኩርባ መካከል ላይ ፍሬን ፈጽሞ አይነካም የሚባለው ልክ አይደለም፤ በስሱ ይነካል። የሚጥለው ድንገት መጨበጥ ነው። አዲስ ጎማ ላይ ደግሞ ደመወዙ ራሱ ገና ሙሉ አይከፈልም። ያን ሳምንት ፍሬናችሁን ቀጥ ብላችሁ ሳላችሁ ጨርሱ፣ ማርሹን አውርዱ፣ ከዚያ ታጠፉ። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ፍሬኑን እየለቀቁ እያዘነበሉ ኩርባ ውስጥ ይገባሉ፤ ደግ ዘዴ ነው፣ ለተገራ ጎማና ለተገራ ጣት ይቆይ።

አሁን ብዙ ሰው የማያምነው ነገር፦ ወደ ግራ ለመታጠፍ የመሪውን ግራ እጀታ ወደ ፊት ትገፋላችሁ። ይህ ማለት የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ያያል ማለት ነው። ጎማው ከሥር ወደ ቀኝ ሲሸሽ ሞተሩ ከላይ ወደ ግራ ይወድቃል፤ ማዘንበል የሚባለው ያ ነው። በፈረንጆቹ 1903 አውሮፕላን ያበረሩት የራይት ወንድማማቾች ብስክሌት ሠሪዎችና ጠጋኞች ነበሩ፤ ታላቁ ዊልበር ብስክሌት ነጂዎችን ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፉ እየጠየቀ፣ በመጀመሪያው መልሱ ነገሩን በሙሉ በትክክል የነገረው አንድም ሰው እንዳላገኘ ጽፏል። ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም አያውቀውም። በዝግታ ስትነዱ አለማወቁ አይጎዳም። አንድ ቀን ኩርባው ከጠበቃችሁት በላይ ሲጠብ ግን ደንግጦ መሪውን ወደ መታጠፊያው የሚጠመዝዝ ሰው ሞተሩን ቀና ያደርገውና ከመንገድ ይወጣል። አውቆ የውስጡን እጀታ ገፋ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ያዘነብላል፣ ይታጠፋል።

ዓይንም መሪ ነው። ሞተር ወደምታዩበት ይሄዳል፤ ጉድጓዱን ያፈጠጠበት ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ኩርባ ላይ ማየት ያለባችሁ የመንገዱ ሁለት ጠርዞች ርቀው የሚገናኙበትን፣ መንገዱ ከዓይን የሚሰወርበትን ነጥብ ነው። ነጥቡ ከእናንተ እየሸሸ ከሄደ ኩርባው እየተከፈተ ነው። ቆሞ ከጠበቃችሁ ፍጥነታችሁን አትጨምሩ። ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ ኩርባው እየጠበበ ነውና አሁኑኑ ቀንሱ። አንገት ይዙር እንጂ ዓይን ብቻ ቢዞር ትከሻ አይከተልም። የሚታጠፉበትን መስመር በተመለከተ ብዙ ሥዕል ተሥሏል፤ ለመንገድ ግን የሚበቃው ይህ ነው፦ በራሳችሁ ረድፍ ውስጥ ሆናችሁ በሰፊው ጀምሩ፣ መውጫው እስኪታያችሁ ወደ ውስጥ አትጣደፉ። ቀድሞ ወደ ውስጥ የተጣበቀ ሰው መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ ይገፋል፣ እዚያ ደግሞ የሰው መኪና አለ። መሃል መስመሩን ጎማው ባይነካውም ያዘነበለ ጭንቅላት ሊሻገረው እንደሚችል አስቡ።

ነዳጅ ኩርባ ውስጥ እንደ ፈትል ነው፤ ሳይበጠስ ይሳብ። ካዘነበላችሁ በኋላ ትንሽ፣ እኩል የሆነ ነዳጅ ሞተሩን ያረጋጋዋል። ድንገት ከዘጋችሁት ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ጎማ ይዘምታል፤ ድንገት ከከፈታችሁት የኋላው ጎማ ያመልጣል። ከሁለቱ የከፋው ያመለጠውን የኋላ ጎማ ደንግጦ ነዳጅ መዝጋት ነው፤ ጎማው ባንድ ጊዜ መልሶ ይይዝና ሞተሩ ነጂውን ሽቅብ ይወረውረዋል።

ይህን ሁሉ መለማመድና ጎማ መግራት አንድ ሥራ ስለሆኑ በአንድ ላይ ይሠሩ። ደረቅ ቀን፣ ባዶና ንጹሕ የአስፋልት ሜዳ፣ ሰው ያልተፈናጠጠበት ሞተር። መጀመሪያ ቀጥታ እየሄዳችሁ ፍሬንና ነዳጅ እያፈራረቃችሁ ጎማውን አሙቁት። እንደ እባብ ግራ ቀኝ ማለት የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ያምራል እንጂ ብዙም አያሞቅም፤ ባልተገራ ጎማ ላይ ደግሞ አደጋ ነው። ከዚያ 10 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ላይ ዙሩ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትዞሩ ዝንባሌያችሁ ወደ 17 ዲግሪ ነው፤ ወደ 25 ስታሳድጉት 26 ዲግሪ ይደርሳል። በመካከላቸው ያሉትን ኪሎ ሜትሮች አንድ በአንድ ውጡ። በየጥቂት ዙሩ ቁሙ፣ ጠመኔውን እዩ፣ ድንበሩ የት እንደደረሰ ለኩ፣ አቅጣጫ ቀይሩ። የፊቱንም ጎማ አትርሱ፤ የኋላው ሲያመልጥ አንዳንዴ ይመለሳል፣ የፊቱ ግን ብዙም ዕድል አይሰጥም። ዝናብ ከጣለ ልምምዱ ይቅር። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ኤቢኤስ አለኝ ብላችሁም አትመኑ፤ የዝንባሌ መለኪያ የሌለው ኤቢኤስ የሚያውቀው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞተርን ነው።

መጨረሻ ላይ ዳርና ዳሩ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ያልተነካ ላስቲክ ይቀራል። አንዳንድ ነጂዎች በዚህ ይሳሳቃሉ፣ ዳሩን ያልጨረሰ ፈሪ ነው ይላሉ። የሕዝብ መንገድ ላይ ዳሩን መጨረስ ማለት ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር አለማስቀረት ነው፣ ይሳቁ። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ያ የተረፈ ጠርዝ ከስድስት ወር በኋላም ያው አዲስ ጎማ ነው። ስለዚህ እኔ ሜዳው ላይ ድንበሩን ከዕለት መንገዴ በአንድ ጣት ያህል አሳልፌ እገፋዋለሁ፣ ድንገት ተጨማሪ ማዘንበል ቢያስፈልግ የተፋቀ ላስቲክ እንዳገኝ። የአሁኑን ጎማዬን ዛሬ ጠዋት አየሁት። የግራው ዳር ቀጭን ነው፣ የቀኙ ደግሞ እጥፉን ይሆናል። ወደ ቀኝ ስታጠፍ እንደምፈራ ጎማው አውቆብኛል፤ ነገ ክቡን የምጀምረው በቀኝ በኩል ነው።